በጎቹ ፒያሳ የወረዱ ዕለት

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ በይለፍ ቃል ፍለጋ አለቀ።

ጎንደር ውስጥ ስሙን የማልጠራው የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት በኮሙኒኬሽን ባለሙያነት ሲቀጥረኝ፣ የመጣሁት ማራኪ ሰፈር ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ ነው እጄ የተፍታታው።

ኃላፊያችን አቶ ጌትነት፣ «ዘሃራ፣ ሥራሽ የፌስቡክ ገጻችንን ማንቀሳቀስ ነው» አሉኝ።

«እሺ፤ የይለፍ ቃሉስ?»

የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ነው። የካዝናው ቁልፍ ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ ለቅሶ ሄዷል። ለቅሶ ቤቱን ጠይቄ አገኘሁና ገባሁ፤ ጥቂት ተቀመጥኩ፣ አጽናናሁ፣ ቁልፍ ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የአሠራሩን ነገር ለመድኩት። አንድ ማስታወቂያ ገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት ባለሙያ ይጽፋል፣ ቡድን መሪ ያርማል፣ ምክትሉ ያያሉ፣ ኃላፊው ይፈርማሉ። ይህ ሁሉ በወረቀት ታትሞ ነው የሚዞረው። የኃላፊው ፎቶ የሌለበት ማስታወቂያ ደግሞ ጨርሶ አይለጠፍም። ጠዋት ጠዋት ቡድን መሪው በየቢሮው እየዞረ «ላይክ ያላደረገ ማነው?» ይላል። ዘበኛችን ስልኩ የድሮ ስለነበር፣ «እኔ በልቤ ወድጄዋለሁ» እያለ ይገላገል ነበር።

በአንድ ክረምት መውጫ የበግ ፈንጣጣ ከከተማው በላይ ካሉት የደጋ ቀበሌዎች ገባ። ጉብ አምባ የምትባለዋ ቀበሌ ገና አልተነካችም፤ ጎረቤቷ ግን በጎቿን እየቀበረች ነው። የመሥሪያ ቤታችን የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ታደለ ክትባት ያገኘው ለአንድ ቀን፣ ለሐሙስ ብቻ ነበር። በማግስቱ ሌላ ወረዳ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የጉብ አምባ በጎች ሐሙስ ካልተከተቡ አለቀላቸው ማለት ነው።

እኔ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት በጎቻችሁን ወደ ጉብ አምባ ሜዳ አምጡ።»

ፊርማ ለቅሞ ሲመለስ አራት አንቀጽ ሆኗል። መጀመሪያ ስለ መሥሪያ ቤቱ ራእይ፣ ቀጥሎ ስለ ቅንጅታዊ አሠራር። ጉብ አምባ ሜዳ የሦስተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ተሸጉጣለች። ከላይ የአቶ ጌትነት ፎቶ አለ። በጽዳት ዘመቻ ዕለት ፒያሳ፣ ሰገነት ካለው የጣሊያን ሕንጻ ፊት ለፊት፣ ሱፍ ለብሰው እጃቸውን ዘርግተው የተነሱት ነው። ፎቶው ላይ በትልቁ «የበግ ክትባት! ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት!» ተብሎ ተጽፏል።

«አቶ ጌትነት፣ የሜዳው ስም ወደ ላይ ቢወጣስ?» አልኳቸው።

«ያነቡታል ዘሃራ። ሕዝባችን አንባቢ ነው።»

ለጠፍኩት። ሁላችንም ላይክ አደረግን።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተር ታደለ ከሜዳው ደወለ። «እትዬ ዘሃራ፣ እዚህ ያለነው እኔ፣ የክትባቱ በረዶ ሳጥንና አንድ የጠፋች አህያ ነን። ሰዉ የት ሄደ?»

ስልኩን ሳልዘጋ ዘበኛው እየሮጠ ገባ። «ፒያሳ በግ ሞልቷል! ባጃጅ ማለፍ አልቻለም!»

ሮጥኩ። እውነትም ሞልቷል። በባንኩ ደረጃ ላይ በግ፣ በካፌው ወንበሮች መሀል በግ። አስተናጋጁ አንዱን ሙክት በትሪ እየመከተ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን እስኪደክመው ነፋና፣ «ይህን ማን ፈቀደ?» ብሎ ጮኸ።

ከፊት የቆሙት ሽማግሌ፣ አያ ፈንቴ፣ የልጃቸውን ስልክ ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩት። «መንግሥት!»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። ፎቶው ብቻ ነው ያለው። ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ አራቱ አንቀጽ መንገድ ላይ ቀርቷል።

«አያ ፈንቴ፣ ቦታው እኮ እዚያው ሜዳችሁ ነበር።»

«ምነው ልጄ? ይቺ ሰገነት ያችው አይደለችም? ሰውየው እዚህ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ‹ኑ› ይሉናል። እኛ መጣን። እሳቸው የት አሉ?»

ለአቶ ጌትነት ደወልኩ።

«ፖስቱን አጥፊው!» አሉኝ።

«ፖስቱስ ይጠፋል። በጎቹን ምን ላድርጋቸው?»

«ማስተባበያ ጻፊና ለቡድን መሪው ስጪው።»

ማስተባበያው ፊርማ እስኪለቅም በረዶው ይሟሟል። በጎቹን ወደ ሜዳው ለመመለስ ደግሞ ግማሽ ቀን ዳገት ነው። ለዶክተር ታደለ ደውዬ «ሳጥኑን ይዘህ ውረድ፤ በጎቹ ሰልፍ ይዘው እየጠበቁህ ነው» አልኩት። ትራፊክ ፖሊሱን ለመንኩት። እናቱ በግ አርቢ ናቸው ኖሯል፤ የመንገዱን አንዱን ጎን ዘጋልን።

ዶክተሩ በሞተር ደርሶ መርፌውን ሲጀምር አቶ ጌትነት ተቆጥተው ከመኪና ወረዱ። ያንኑ ሱፍ ለብሰዋል። ሰገነቱ ሥር እንደቆሙ ሕዝቡ አያቸው።

«መጡ! ራሳቸው ናቸው!» እልልታው ቀለጠ። አያ ፈንቴ የሚንፈራገጥ ጠቦት አምጥተው አሳቀፏቸው። «ሸጋ ነዎት ጌታዬ! ሰው ማለት በተናገረበት ቦታ ሲገኝ ነው!»

ሊቆጡ የመጡት ሰው ጠቦቱን ያዙ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሱፋቸው ሱፍ መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ በግ ሲይዙ ዋሉ። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ያልተከተበ የጉብ አምባ በግ አልነበረም። ፈንጣጣው በዚያ ዓመት ያችን ቀበሌ ዘሎ አለፈ።

በሪፖርቱ ላይ ምክትሉ «ክትባቱ ለኅብረተሰቡ ምቹ በሆነ ማዕከላዊ ቦታ ተሰጥቷል» ብለው ጻፉ። አራት ሰው ፈረመበት።

የሚቀጥለው የክትባት ማስታወቂያ ከከተማው በላይ ላለች ሌላ ቀበሌ ነበር። አቶ ጌትነትን «የቀበሌዋን ሜዳ ፎቶ ብቻ እንለጥፍ» አልኳቸው።

«ያለ ኃላፊ ፎቶ? መመሪያው አይፈቅድም።»

ስለዚህ በመኪና ወስደን እሜዳው መሀል አቆምናቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ አነሳሁ። የክትባቱ ቀን ሲደርስ ሰውም በጉም እዚያው ሜዳ ተገኘ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ልጆች የምለው ይኸው ነው። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፎቶውን ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚደርሰው እሱ ብቻ ነው። ቀኑንና ቦታውን ፎቶው ላይ ጻፉ። አለቃችሁ የግድ መታየት ካለባቸው፣ ሰው እንዲመጣበት የምትፈልጉት ቦታ ላይ አቁሟቸው።