ኮሶዬ ላይ የነበረኝ መሬት

ኮሶዬ ላይ መሬት ነበረኝ። ቆየሁበት ብል አንድ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ያውም በራሴ ሐሳብ ብቻ።

የሸጠልኝ የማኅበሬ ሰው ነው። በየወሩ አንዳችን ቤት ተሰብስበን ከአንድ ጽዋ የምንጠጣ ወንድሜ፣ ጨዋታው ሰዓት የሚያስረሳ። አንድ ጧት በማኪና ወስዶኝ በደባርቅ መንገድ ዳር ካለ መስክ ላይ አቆመኝና እጁን ዘረጋ። ከታች ገደሉ፣ ከገደሉ ወዲያ ተራራ በተራራ ላይ።

«እዚህ ምግብ ቤት ብትከፍት የትኛው ሹፌር አልፎህ ይሄዳል?» አለኝ።

ዕድሜ ልኬን ሆስፒታል ውስጥ የጎንደርን ሰው ሱሪ እያስወለቅሁ መርፌ ስወጋ ኖሬ፣ እኔ ስወጋ አልተሰማኝም። ገዛሁ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ እቀመጥ ነበር። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር እጄን አነሳለሁ፤ የነገ ደንበኞቼ ናቸዋ! ወጥ ቤቱ የሚሠራበትን በከዘራዬ አሰምራለሁ። ሁለት የጽድ ችግኝም ተከልሁ። ባለቤቴ «ጉንፋን ለመግዛት ይህን ያህል መንገድ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ቅዳሜዎች ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አንድ ቅዳሜ አንድ ገበሬ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ።

«እንዴት ዋሉ አያ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ስመለከትዎት ሰነበትሁ። ሐዘን ቢደርስብዎት ነው ብዬ ዝም አልሁ። ግን ምነው አያ፣ ዘወትር ከእኔ መስክ ላይ?»

በኋላ እንደተሰማው መስኩ ለሦስት ሰው ተሽጧል። አንደኛው የሆስፒታሉ አለቃዬ የነበረው ሐኪም ነው። ለካ በዚያ ድንጋይ ላይ ቅዳሜ እኔ፣ እሑድ እሱ ነበርን የምንቀመጠው! ገበሬው ምስክር ሆኖ ቆመ፤ ወንድሜም በማታለል ጥፋተኛ ተብሎ ወህኒ ወረደ።

ማኅበሩ ያለ እሱ ቀዘቀዘ። ጸልየን፣ በልተን፣ ጉልበታችንን አማርረን እንለያያለን። የእሱን ቦታ ማንም አልተቀመጠበትም።

ዘንድሮ ተፈታ። ተራው የእኔ ሆኖ ቤቴ ተሰብስበን ሳለ መጥቶ ከደጅ ቆመ። ጠጉሩ ነጥቷል፤ ኮቱ ሰፍቶታል። በእኛ ሥርዓት የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋውን አይነካም። የማኅበሩ መሪ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ይቅር ካላልኸው ዛሬውኑ ስሙ ከማኅበሩ ይወጣል።»

ወንድሜ ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚህ ማኅበር ሌላ የሚጠራው ሰው እንደሌለው አውቃለሁ። ናፍቆኝም ነበር፤ ግን ደግሞ ቶሎ ይቅር ብል የበለጠ ሞኝ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ።

«እኔንስ ዓመት ሙሉ ባለርስት አድርገህ አኑረኸኛል» አልሁት። «ሳይሰማ መሬቱ የተሸጠበት ሰው ግን አለ። እሱ ይቅር ካለህ እኔም ብያለሁ።»

መሪው እስከዚያ ድረስ ሊታገሥ ተስማማ። በማግሥቱ ኮሶዬ ይዤው ወጣሁ። ገበሬው ከመስኩ ሲመጣ ወንድሜ እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጭኖ ጎንበስ አለ። ገበሬው አንድ ጊዜ ዞረው። ደግሞም ዞረው።

«አያ፣ ይህን ድንጋይ ከየት አነሱት?»

«ከዚያ... ከአጥሩ ላይ።»

«የማን አጥር ነው?»

ወንድሜ ድንጋዩን እንደተሸከመ ወደ አጥሩ ዞረ።

«ምነው አያ! አሁንም ከእኔው?»

ገበሬው ሳቀ፣ ዱላው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። «በሉ ከነበረበት ይመልሱት። እግዜር ይቅር ይበልዎት፤ እኔስ ብያለሁ።»

ወንድሜ ድንጋዩ የነበረበትን ቀዳዳ እየፈለገ አጥሩን ይዳስስ ጀመር፤ ዓይኑ እንባ ስለሞላ አላይ ብሎታል። እንግዲህ በሚቀጥለው ወር ጽዋው ከእጁ ይገባል፣ እኛም እንደ ድሮው እንስቃለን ብዬ ወደዚያች ጠፍጣፋ ድንጋይ ሄድሁ። አጠገቧ ከእኔ ቁመት ያለፈ ጽድ ቆሟል።

«የአንቱ ነው» አለኝ ገበሬው ከኋላዬ። «አንደኛው ደረቀ። ይችን ግን ውኃ እያጠጣሁ አሳደግኋት።»

ተቀመጥሁ። ሚኒባስ ሲያልፍ እጄን አነሳሁ።