የኡሙሀኒ አራተኛ ፎቅ

ኡሙሀኒ ሽሮ ሜዳ ላይ ድርና ማግ ትሸጣለች። ሸማኔዎቹ ክር ሲፈልጉ ወደ እሷ ነው የሚመጡት፤ ክሩን በጣቶቿ ፈተግ አድርጋ ሲታጠብ ምን እንደሚሆን ትነግራቸዋለች። ከወሎ ተድራ ከመጣች ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረችው በባሏ ወንድም በሀጂ ሀምዳን ግቢ፣ ከበሩ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሀጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ግቢው የእሳቸው ነው። እንግዳ ሲመጣባት ታስፈቅዳለች፤ ልብስ የምታሰጣበትን ቀን እንኳ የምትወስንላት የሀጂ ሚስት ናት።

ባሏ ያሕያ ከመሞቱ በፊት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላቸው ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ። ሳይገቡበት እሱ ሞተ፤ እሷም አከራየችው። ልጆቿ ኑሕና ሀያም የተማሩት በዚያ ኪራይ ነው። ሀያም አምና ተመረቀች። ዘንድሮ ደግሞ ተከራይዋ፣ ነርሷ እሌኒ፣ ሐዋሳ ተዛወረችና ቁልፉን መለሰች።

ያኔ ሁሉም ምክር ይዞ መጣ። የሰው ታክሲ የሚነዳው ኑሕ "ሽጪውና የራሳችንን መኪና እንግዛ" አላት። ሀጂ ሀምዳን ደግሞ "ምን ጎደለብሽ? አከራይተሽ እዚሁ ተቀመጪ" አሉ።

"ብገባበትስ?" አለች።

ኑሕ ሳቀ። "እማዬ፣ አሳንሰር የለውም እኮ። በዚህ ጉልበትሽ?"

የጉልበቷ ነገር እውነት ነው፤ ሐኪምም ደረጃ እንዳታበዛ ነግሯታል። አልተከራከረችም።

"ሰባት ቀን ስጡኝ። በየቀኑ ሱቄን ዘግቼ እሄድና ወጥቼ እወርዳለሁ። ከቻልኩ እገባለሁ፤ ካቃተኝ ይሸጣል። በቃ።"

የመጀመሪያውን ቀን በየፎቁ እየተቀመጠች ወጣች። ባዶው ሳሎን መሀል ቆማ በመስኮቱ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አየች። ማንም "ምን ፈለግሽ?" አላላትም። በሦስተኛው ቀን ግን ጉልበቷ አብጦ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እግሯን ማንሳት አቃታት። ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳለች የዚያ ፎቅ ነዋሪ ቡርቱካን፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ለጸሎት ፕሮግራም ስትወጣ አገኘቻት።

"ደህና ነዎት እናቴ? የማንን ቤት ፈልገው ነው?"

"የራሴን።"

"ልደግፍዎት?"

"አይ ልጄ፣ ተደግፌ ከወጣሁማ አይቆጠርም።"

ቡርቱካን ፕሮግራሙ ያልፈኛል ሳትል አጠገቧ ተቀመጠች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኡሙሀኒ የደረጃውን ብረት ይዛ ተነሳች፤ ቀስ እያለችም አራተኛ ፎቅ ደረሰች።

በሰባተኛው ቀን ኑሕ አብሯት መጣ፤ ከኋላዋ ተከተላት። በሩን ከፍታ ገባች፤ የዐስር ሰላቷን ሰገደች። ስትጨርስ ልጇ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

"ለምንድን ነው ግን እንዲህ የፈለግሽው?"

"አባትህ የሞተ ቀን ትዝ ይልሃል? ያን ቀን እንኳ የግቢው ሰው እንዳይረበሽ ድምፄን ዋጥ አድርጌ ነው ያለቀስኩት።"



ማታውኑ ሀጂ ሀምዳን ዘንድ ገባች። "ሀጂ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አስቀመጡኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። እሑድ እወጣለሁ።"

"አስከፋንሽ እንዴ?"

"አላስከፋችሁኝም። በራሴ በር መግባት አማረኝ።"

ሀጂ "እንግዲያው አልጋውን ፎቅ የሚያወጡ ሰዎች እኔ እፈልግልሻለሁ" አሉ።

ኑሕ መኪናው ስለቀረበት ሁለት ወር አኮረፈ፤ አሁን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እናቱ ጋ ምሳ ይበላል። ኪራዩ በመቅረቱ ኡሙሀኒ ሱቋን ከወትሮው ቀደም ብላ ትከፍታለች። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ጉልበቷም አልዳነም፤ ቀስ ብላ ትወጣለች።