ከሰማንያ እስከ ቁርባን

የልጅ ልጄ ልታገባ ነው። ቦሌ አዳራሽ ተይዟል፣ ቪዲዮ የሚያነሳው ሰው ተነግሮታል፣ ኬኩ ስንት ፎቅ ይሁን እየተባለ ነው። ከትናንት ወዲያ ከታናናሾቿ ጋር መጥታ ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡና፣ «እማማ፣ አንቺና አባባ እንዴት እንደተጋባችሁ ንገሪን እንጂ» አሉኝ።

«የትኛውን?» አልኳቸው። «እኛ ሁለት ጊዜ ነው የተጋባነው።»

ሳቁብኝ። እንግዲህ እኔ ልናገር፣ እሷ በስልኳ ትቅዳና ትጻፈው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጆቼን ላደርስ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጋብቻችን በሰማንያ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ውል ተጽፎ፣ ምስክር ፈርሞ ያለቀ። ያኔ አብዛኛው ሰው እንዲሁ ነበር የሚጋባው። ሰማንያን አልንቀውም፤ ግን ሽማግሌው ቁጭ ብሎ እንዳሰረው፣ ሌላ ቀን ቁጭ ብሎ ሊፈታው ይችላል። ቁርባን ሌላ ነው። ባልና ሚስት ንስሐ ገብተው፣ በአንድ ቅዳሴ ሥጋውንና ደሙን አብረው ከተቀበሉ ከሞት በቀር የሚለያቸው የለም። ለዚህ ነው ሰው የሚፈራው። ልጅ እንውለድ፣ እንረጋጋ እያለ እስኪሸብት ያቆየዋል።

የምንኖረው ከአትላስ ጀርባ ነበር። እናንተ እዚያ ሆቴሉንና ምግብ ቤቱን ብቻ ስለምታውቁ፣ ጎመን እተክልበት ነበር ብላችሁ አታምኑኝም። ክረምት ሲሆን ጭቃው አስፋልት እስክንደርስ ጫማ አያስደርግም። አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ወሬያችንን አቁመን እስኪያልፍ እንጠብቅና ካቆምንበት እንቀጥላለን። አሁን ለሚ ኩራ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆኜም አንዳንዴ ወሬ መሃል ዝም እላለሁ፣ ምንም ሳያልፍ። የት ነበርኩ? ስለ ባሌ ነበር።

ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ከቦሌ ሜክሲኮ የምትመላለስ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ነበረችው። ተጋብተን ዓመት ዓመትን ሲተካ ልጅ አልመጣም። ጠበል ሄድኩ፣ ተሳልኩ። አማቴ፣ የእሱ እናት፣ በየጥምቀቱ ከአገር ቤት ይመጡ ነበር፤ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ሆዴን ነው፣ ከዚያ ፊቴን። እኔም ባለቤቴን «እንቁረብ» እለው ጀመር። ለነፍሴ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። እንዳይለቀኝም ነበር።

«እኔ? በዚህ ምላሴ?» ይለኛል። «ሜክሲኮ እስክደርስ ስንቱን እንደምሰድብ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ አትሳደባ!»

«አንቺ ደግሞ፣ መንገዱን አይተሽዋል?»

አንድ ቀን ልፈትነው ብዬ ጋቢና ተቀምጬ ሄድኩ። ኦሎምፒያ ጋ ስንደርስ አንዱ ያለ ፍሬቻ ዘው ብሎ ፊቱ ገባበት። የባለቤቴ የአንገት ሥር ተገተረ፤ በጎን አየኝ፤ ከዚያ በመስኮት ብቅ ብሎ «ተባረክ!» ብሎ ጮኸ። «ተባረክ ወንድሜ! እናትህም ትባረክ! ያስተማረችህም ትባረክ!»

ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «ሹፌር፣ ዛሬ ሚስትህ ናት እንዴ የተሳፈረችው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«አየሽ?» አለኝ ስንወርድ። «ምርቃቱም ስድብ ሆነብኝ።»

እኔም ስቄያለሁ፤ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ምላሱን ሰበብ ያደረገ መሰለኝ። ልጅ ካልወለድኩለት የሚወጣበትን በር ክፍት አድርጎ ትቶታል ብዬ አሰብኩ።

አጠገባችን ሱቅ የነበራት የወሎ ሙስሊም ጎረቤቴ ሳለቅስ አገኘችኝና፣ «አብሽሪ እንጂ» አለችኝ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ እናንተ! እኛ ኒካሁን በአንድ ጥዋት ጨርሰን ምሳችንን እንበላለን። እናንተ አግብታችሁ ስታበቁ ደግሞ ለማግባት ዕድሜያችሁን ሙሉ ታስባላችሁ።» ያኔ ነው እያለቀስኩ የሳቅኩት።

የንስሐ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ አዋየኋቸው። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ቤተ መቅደስ ሳይታነጽ፣ ንጉሥም አገርም ሳይኖር፣ አዳምና ሔዋን ነበሩ። እግዚአብሔር መጀመሪያ የሠራው ቤት ትዳር ነው። መንደሩም አገሩም እዚያ ላይ ነው የቆመው። አንቺ ቤትሽን ጠብቂ፤ እሱ ራሱ ይመጣል።»

«መቼ አባቴ?»

ጠበሉን ግድግዳው ላይ ረጩና፣ «ሲችል» ብለውኝ ወጡ።

የዚያን ዓመት ጥምቀት አማቴ መጡ፤ ሰላምታው ሳያልቅ «ልጄን ለብቻው ላነጋግረው» አሉ። ቤታችን አንድ ክፍል ስለነበረች ግቢ ወደቆመችው ታክሲ ገቡ፤ እሱ በነጂው ወንበር፣ እሳቸው ጋቢና። እኔ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ። የእሳቸው እጅ ይወራጫል። እሱ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን ያያል፣ የሚነዳ ይመስል። ጉዳዩ ምን እንደሆነ አልጠፋኝም። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ የትኛውን ልብሴን ይዤ፣ የትኛውን ትቼ እንደምሄድ በልቤ እለይ ጀመር።

በሩ ተከፈተና አማቴ ገቡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ትክ ብለው አዩኝና፣ «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጅ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሊሄዱ ሲሉም፣ ከዚያ በፊት አድርገውት የማያውቁትን፣ ግንባሬን ሳሙኝ።

«ምን አልካቸው?» ብዬ ብጠይቀው፣

«መንገዱ ተዘግቷል አልኳት» አለኝና ሳቀ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

በኋላ እግዚአብሔር ሲል የእናንተ እናት ተወለደች፤ ከሷም በኋላ ሁለት ወንዶች። «አሁንስ?» እለዋለሁ። «ምላሴ እንዳለ ነው» ይለኛል። ቤታችን በልጅ ጫጫታ ተሞላ፣ የአትላስ ጎመን በፎቅ ተተካ፣ የእሱም ጸጉር ከጆሮው ጀምሮ ነጣ።

አማቴ ያረፉት እንግዲህ ያኔ ነው። ሙት ዓመታቸውን አውጥቶ ከአገር ቤት ሲመለስ፣ ገና በሩ ላይ እንደቆመ፣ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ፣ «እንቁረብ» አለኝ። ኀዘኑ ነው ብዬ አሰብኩ። ምክንያቱን ጠይቄ እንዳላስደነግጠው ፈርቼ ቦርሳውን ተቀበልኩት።

ሱባኤ ይዘን፣ ንስሐ ገብተን፣ ነጭ ለብሰን ቆረብን። ልጆቻችን ከኋላችን ቆመው ነበር። እኔ አፌን በነጠላዬ፣ እሱ በጋቢው ሸፍነን ጎን ለጎን ስንወጣ፣ ያንን ምላሱን እንዲያ ተጠንቅቆ መያዙን አይቼ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ፎቶ አንሺው ደጀ ሰላሙ ጋ አነሳን። ወደ ቤት የሄድነው በእግራችን ነው፤ «ዛሬ መሪ አልይዝም» አለ። የሚያውቁት ታክሲዎች ጥሩምባ እየነፉለት ያልፋሉ፣ እሱ ዝም ብሎ እጁን ያነሳላቸዋል። ጎረቤቴ ከሱቋ ወጥታ፣ «ማሻአላህ! ሙሽሪት! ጥርስሽ ሳይረግፍ ደረሰልሽ!» ብላ ሰፈሩን አስወጣችው። የዚያን ቀን መንገድ አሁንም በዓይኔ ይሄድብኛል፤ ጸሐዩ፣ ጥሩምባው፣ የእሱ ዝምታ።

አሁን በረንዳዬ ላይ ሆኜ ፊት ለፊቴ የሚሠራውን ሕንፃ አያለሁ። ወራት ሙሉ ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ ሰዎቹ የሚሠሩም አይመስሉም ነበር። ከዚያ ፎቁ በላይ በላዩ ወጣ። የንስሐ አባታችን ነገር ትዝ ይለኛል። ሙሽራዬ፣ ኬኩ የፈለገውን ያህል ፎቅ ይኑረው፣ አልቃወምም። ግን እናንተ ልጆች ዛሬ እዚህ ተሰብስባችሁ የምትስቁት፣ እኛ ሁለት ሰዎች በዚያች በቆርቆሮዋ ቤት ስለቆየን ነው። ይህንን ከእግዚአብሔር ነው የምቆጥረው።

ባለቤቴ ካረፈ ከዓመታት በኋላ እህቱ ለሕክምና ከአገር ቤት መጥታ እኔ ዘንድ ሰነበተች። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ቀርባ አየችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቁርባናችን ነዋ።»

«ሸብታችኋልኮ!»

«አዎ፣ በስተርጅና ነው። እናታችሁ ካረፉ በኋላ።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ምን ትያለሽ አንቺ? በልጅነታችሁ አልነበረም እንዴ? እማዬ ሌላ ልጅ አጭታለት፣ ከወላጆቿ ጋር ጨርሳ ነበርኮ ያን ጥምቀት እናንተ ዘንድ የመጣችው። እሱ ታክሲው ውስጥ ‹በቁርባን ነው ያገባኋት፣ እናቴ፤ ልፍታት ብልም አይፈታም› አላት። አልቅሳ ተመልሳ የልጅቷን ወላጆች ይቅርታ ጠየቀች። በኋላ ልጃችሁ ስትወለድማ፣ ‹የቁርባኑ በረከት ናት› ብላ አገሩን ሰብስባ ደገሰች።»

አማቴ በሕይወት እያሉ ብንቆርብ፣ ያኔ ታክሲው ውስጥ ሳንቆርብ ቆርበናል ማለቱ ይታወቅበት ነበር። የንስሐ አባታችን «ሲችል» ያሉኝ ቃል፣ እሳቸውም ሳያውቁት፣ ለካ እንዲህ ደርሷል።