ባቡር ጋ እንገናኝ

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ አምቦ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ሆኖም ወፍጮ ቤት አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ብቻዬን ስለምስቅ፣ ሰው አብዷል ሳይለኝ ምክንያቱን ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ጫልቱን ላገባ ፈልጌ ነበር። እሷ አምቦ ነርስ ነበረች፤ አባቷ ኦቦ ቶለራ ደግሞ ጉደር አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሽማግሌ ብልክባቸው መልሳቸው አጭር ሆነ። "የበኩር ልጄ ዳባ አይቶት እሺ ካላለ ልጄን አልሰጥም።"

ዳባ የሚሠራው አሰብ ነው። ያውም ወደቡ ላይ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከወደቡ ራቅ ብላ ባሕር ላይ የቆመች መርከብ ውስጥ ነው። ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሏል። እኔ ደግሞ ትምህርት ሲከፈት ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እንድዛወር ታዝዣለሁ። በክረምቱ ዕረፍት ካልተጋባን ነገሩን ውሃ በላው ማለት ነው።

እሱ ካልመጣ እኔና ኦቦ ቶለራ እንሂድ፣ እሺታውንም በጆሯቸው ይስሙ ብዬ ካርታ ዘረጋሁ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከድሬዳዋ አሰብ በትንሽ አውሮፕላን፣ ከአሰብ እስከ መርከቧ በጀልባ። ባቡሩ ካመለጠ አውሮፕላኑ አይገኝም፤ አውሮፕላኑ ካልተገኘ ጀልባዋ አትጠብቅም። ጓደኞቼ "ለአንድ እሺታ ይሄ ሁሉ?" እያሉ ተሳለቁብኝ።

ኦቦ ቶለራ ዕቅዱን በጥሞና ሰሙ።

"አውሮፕላኑስ ይሁን" አሉ። "ሰማዩን የያዘው ዋቃ ነው። ጀልባውን የሚይዘው ግን ሰው ነው። ለመሆኑ ባሕሩ ከጉደር ወንዝ ይሰፋል?"

"ትንሽ ይሰፋል" አልኳቸው። እንዳይቀሩብኝ ብዬ ነው።

እኔ ቲኬት ለመግዛት ቀድሜ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ። ስለዚህ የመጨረሻውን መመሪያ ቤታቸው ተቀምጬ በኦሮምኛ ሰጠኋቸው። የገበያ ኦሮምኛ ብትሆንም እኮራባት ነበር፤ ጫልቱም ሥራ ላይ ስለነበረች የሚያርመኝ አልተገኘም።

"አርብ በማለዳ ባቡር ጋ እንገናኝ" አልኩ። "ሐሙስን ዘመድ ቤት ይደሩ። ወረፋ ስላለ ማልደው ይምጡ። የያዙት ነገር ይመዘናል። ቦታው ቢጠፋብዎ ማንንም ቢጠይቁ ያሳይዎታል። ሲነሳ ደግሞ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል።"

"ይሄማ የታወቀ ነው" አሉ፣ እንደ መናቅ ብለው።

አዲስ አበባ ዘመድ አላቸው፤ አልፎ አልፎም ይመላለሳሉ። ስለዚህ አልተጨነቅኩም።

አርብ ጠዋት ለገሃር ሁለት ቲኬት ይዤ ቆምኩ። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር እየሮጥኩ ፊቱን አያለሁ። አንደኛው "ምን ትፈልጋለህ አንተ?" ብሎ ከዘራውን አነሳብኝ። ኦቦ ቶለራ ግን የሉም።

ባቡሩ አፏጨ። አንድ እግሬ ደረጃው ላይ ነበር።

"ትሄዳለህ ወይስ ትሸኛለህ?" አለኝ ተቆጣጣሪው።

እውነቱን ለመናገር ልሄድ ቃጥቶኝ ነበር። ዳባ ማየት ያለበት እኔን አይደል? ግን ሽማግሌውን መኪና ገጭቷቸው ቢሆንስ? እግሬን አወረድኩ። ባቡሩ ሄደ፤ አውሮፕላኑም ጀልባውም አብረውት ሄዱ።

ወደ ዘመዳቸው ቤት በረርኩ። "ኦቦ ቶለራ? ኧረ እኛ ዘንድ አልመጡም" አሉኝ። አውቶቡስ ይዤ ወደ አምቦ፣ ከዚያም ወደ ጉደር ገሰገስኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው ጫልቱን "አባትሽ ጠፉብኝ" የምላት እንዴት እንደሆነ ነበር።

ጉደር ስወርድ ወፍጮ ቤቱ ቱክ ቱክ ይላል። በሩ ላይ፣ ከጠጉራቸው እስከ ጫማቸው ዱቄት የለበሱ ሽማግሌ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ኦቦ ቶለራ ናቸው።

"ኤሳ ቱርቴ?" ብለው ጮኹብኝ። የት ቆየህ ማለታቸው ነው።

"እርስዎስ የት ነበሩ? ባቡር ጋ ቆሜ ስጠብቅዎ!"

"እኔስ? ባቡር ጋ አይደለሁ እንዴ?"

"ባቡሩ እኮ ሄደ!"

ዞረው ወፍጮውን አዩት። "የት ሄደ? ይኸው ቆሟል።"

ያኔ ነው የበራልኝ። በእኛ አገር ገበሬ አፍ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። "እህል ባቡር ወሰድን" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ የዚያን ቀን ግን ካርታዬ ዓይኔን ጋርዶት ነበር። ሐሙስን ዘመድ ቤት አድረዋል፣ እዚያው ጉደር። ማልደው መጥተዋል። ወረፋ ነበር። ለመንገድ በሶ የሚሆን ገብስና ለዳባ የሚሆን ጤፍ በአህያ አምጥተው አስመዝነዋል። እኔ ከአዲስ አበባ ተመልሼ ከዚያ የምወስዳቸው መስሏቸዋል። ካዘዝኳቸው አንድም ያልፈጸሙት የለም።

"ኧረ እኚህን ሰውዬ ገላግለኝ!" አለኝ ወፍጮ ፈጪው። "ተራቸው በደረሰ ቁጥር 'አማቼ ሳይመጣ አልገባም' እያሉ ለሌላው ሲለቁ ዋሉ። ሞተሩን ላጠፋ ነው ብዬ አሁን ገና በግድ ፈጨሁላቸው።"

አማቼ። ልቤ ዘለለች።

ኦቦ ቶለራ ነገሩ ሲገባቸው አልሳቁም።

"ብቻህን ዳባ ጋ መሄድ ትችል ነበር?"

"እችል ነበር።"

"ቀረህ?"

"ቀረሁ።"

"አውሮፕላኑስ?"

"እሱም ቀረ።"

"ጀልባውም ቀረ?"

"ጀልባውም።"

"ተመስገን!" አሉ፤ ፊታቸው ከዱቄቱ ሥር በራ። ጆንያውን መታ መታ አደረጉት። "የተፈጨ ወደ እህል አይመለስም። ለድግሱ ይሁን።"

"ዳባስ?" አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

"ዳባ ባሕር ላይ ነው። እኔ ምድር ላይ ነኝ።"

ትምህርት ሳይከፈት ተጋባን፤ የድግሱ እንጀራም ከዚያ ዱቄት ተጋገረ። ዳባ ከብዙ ጊዜ በኋላ መጥቶ "ለምን አልጠበቃችሁኝም?" ብሎ ቢቆጣ፣ አባቱ "ባቡሩ አልነሳ አለን" አሉት።

ባሕሩን እስከ ዛሬ አላየሁትም። አሰብም ድንበር ማዶ ሆነች። ድሮ ይቆጨኝ ነበር፤ አሁን ግን ያ ባቡር እንኳን አመለጠኝ እላለሁ። ጫልቱ ዛሬም እህል ልታስፈጭ ስትወጣ "ባሕር ደርሼ ልምጣ" ትለኛለች። ዱቄት ለብሳ ስትመለስም በር ላይ ቆሜ "ጀልባው እንዴት ነበር?" እላታለሁ።