ፊታውራሪውን የካድንበት ሰንበት

ያባቴ አገር ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ ከመኪናው መንገድ ወረድ ብላ ያለች መንደር ናት። አውቶቡስ የሚቆምላት «ወራጅ አለ!» ብሎ የጮኸ ሲገኝ ብቻ ነው። ታሪኳን የሰማ ግን የነገሥታት መናገሻ ትመስለዋለች።

መጀመሪያ አንድ አዳኝ ያቆሰለውን ጎሽ ተከትሎ ዓባይን ተሻግሮ መጣ፤ ጎሹ የወደቀበት ላይ ቤተ ክርስቲያን ተከለ፤ መንደሯም ከዚያ ወዲህ ተቆረቆረች ይባላል። የቆሰለ ጎሽ ያን ሁሉ ገደል እንዴት እንደወጣ የጠየቀ የለም። ከአዳኙ ዘር ፊታውራሪው ተወለዱ፤ እስከ ወንዙ ያለውን አገር ገዙ፤ ሙግት ዳኙ፤ ግብር አበሉ። አንድ ታላቅ የቅኔ መምህርም ነበሩን፤ ተማሪው ከሸዋ ሳይቀር በእግሩ ይመጣላቸው ነበር። በጣሊያን ጊዜ ደግሞ ያገሩ ሰው በሙሉ አርበኛ ነበር። ባንዳ የሆነ አንድም አያት የለንም። ጣሊያን አምስት ዓመት ማን መንገድ እየመራው እንደኖረ እንጃ።

ከሁሉም ትልቁ ፊታውራሪው ናቸው። ያባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ እኛ የርሳቸው ዘር መሆናችንን በየተስካሩና በየሠርጉ ሲቆጥሩ ኖረዋል። አቆጣጠራቸው እንደ ዜማ ነው። እኔ ቢቸና እህልና ጨው ስለምነግድ የዘር ሐረግ እንደ ጤፍ ሳይነፋ አሸዋው እንደማይታይ አውቃለሁ። ነገር ግን የትልቅ ሰው ዘር ነው የተባለ ነጋዴ ሚዛኑን ደጋግሞ የሚያይበት ደንበኛ የለም። ስለዚህ አልነፋሁትም።

ልጄ ሞጣ ታስተምራለች። አንድ ቀን «አባዬ፣ አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ሰው አለ» አለችኝ። ልጁን አየሁት፣ ወደድሁት። ሱቄ ገብቶ የሁሉን ዕቃ ዋጋ አልጠየቀም።

ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ። የቀረው ሰባት ቤት መቁጠር ነበር። ባገራችን ሁለቱ ከሰባት ቤት ወዲህ በአንድ አያት ከተገናኙ እህትና ወንድም ናቸው፤ ጋብቻ የለም። ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ ተሰበሰብን። ንስሐ አባታችን መሃል ተቀመጡ። አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከልጄ ጀምረው ወደ ላይ ወጡ፤ አምስተኛው ላይ ፊታውራሪውን አስቀምጠው ጎንበስ አሉ። ቀጥሎ የልጁ አባት ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኛም እንግዲህ ባቅማችን…» ብሎ ቆጠረ። እሱም አምስተኛው ላይ ፊታውራሪው ቁጭ ብለዋል።

ንስሐ አባታችን በጣታቸው ደግመው ቆጠሩና «አምስት ቤት ነው። አይሆንም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ልጄ ከጓዳ ብቅ አለች። አላለቀሰችም። «አባዬ፣ የሚከለክሉኝ አይቻቸው የማላውቅ የሞቱ ሰውዬ ናቸው?» አለች።

«ማንም አይከለክልሽም፤ ታገቢያለሽ» አልኋት። ከአፌ ከወጣ በኋላ መመለስ የለም።

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ መሬት ላራሹ የታወጀ ሰሞን፣ ፊታውራሪው በአንድ ሌሊት ዘመድ አልባ ሆነው ነበር። ያኔ አጎቴ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተነሥተው «እኛ የፊታውራሪው ዘር አይደለንም፤ አያታችን የርሳቸው በቅሎ ቀላቢ ነበር» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዘመኑ ሲለወጥ ዘመዱም ተመልሶ ፈላ። ከቆጠራው በማግስቱ ይህን ይዤ ወደ መንደር ወረድሁ። አጎቴ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አጎቴ፣ በየትኛው ቀን ነው የዋሹት?» አልኋቸው።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቁኝም። መሬቱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉና «ያኔ እውነቱን በፍርሃት ተናገርሁ፤ ኋላ ውሸቱ ጣፈጠኝ» አሉ።

«እንግዲያው ሰንበት መጥተው እውነቱን ይድገሙልኝ።»

«በቅሎ ቀላቢ ነን ልበል? በዚህ ሽበት? ተስካር ስጠራ ከላይ ከቄሶቹ አጠገብ የምቀመጠው በማን ይመስልሃል?»

«በፊታውራሪው።»

«ታዲያ ከበር አጠገብ ከውሻ ጋር ልቀመጥልህ?»

«ልጅቱ ቆማ ከምትቀር እርስዎ ከበር ይቀመጡ።»

«ሂድ፣ ወግድልኝ! ነጋዴ!»

አልሄድሁም። በማግስቱ የቢቸና ገበያ ነው፤ እያወቅሁ እዚያው አደርሁ። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ እኔ መደባቸው ላይ እንደተጋደምሁ ሲያዩኝ አጎቴ ደነገጡ። የገበያ ቀኑን ትቶ የሚተኛ ነጋዴ አይተው አያውቁም።

«ምን ያለህ መዥገር ነህ! ከዘራዬን አቀብለኝ» አሉ። እሺ ማለታቸው ነበር።

ሰንበት ደጀ ሰላም ላይ ተገናኘን። ንስሐ አባታችን «እንዲያው ለልጅቱ ብለው እንዳይሆን» አሏቸው።

«ለልጅቱ ብዬ ነው፤ እውነትም ነው» አሉ አጎቴ። የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዘው ማሉ፤ የበቅሎ ቀላቢውን አባትና አያት አንድ በአንድ ቆጠሩ። የሁለቱ ዘር የትም አልተገናኘም። ከልጁ ወገን አንዲት አክስት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «የበቅሎ ቀላቢ ዘር ልናገባ ነው?» ሲሉ ሁላችንም ሰማን። የአጎቴ አንገት ሲሰበር አየሁ። የልጁ አባት ግን ዘወር ብሎ «ዝም በይ እቴ! እህቱን ከሚያገባ የበቅሎይቱንም ልጅ ያግባ!» አላቸው። ሳቅ ሆነ። አጎቴም ሳቁ፤ ንስሐ አባታችንም ጣታቸውን አጥፈው «ይሁን» አሉ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ድንኳኑ ውስጥ አጎቴን ከላይ፣ ከቄሶቹ አጠገብ፣ በእጄ ይዤ አስቀመጥኋቸው። መጀመሪያ አቀርቅረው ነበር። ጠጁ ሲደጋገም ቀና አሉ።

«ቀላቢ አትበሉ፤ ባልደራስ ነው የሚባለው» ሲሉ ሰማኋቸው። ትንሽ ቆይቶ አያታቸው የፊታውራሪውን በቅሎ ከዓባይ ሙላት አወጣ። ሌላ ብርሌ ተቀዳ፤ አያታቸው ፊታውራሪውን ራሳቸውን ከነበቅሏቸው ከሙላቱ አወጣ። ሰው ከብቦ ያዳምጣል፤ የልጁ አክስት ሳይቀሩ ጠጋ ብለዋል።

«ፊታውራሪውም ከደስታቸው ብዛት» አሉ አጎቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ውለታህን በምን እከፍላለሁ ብለው፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን…»

ከወዲያ ማዶ የልጁ አባት ዓይኑ ፈጠጠ። እኔ ከፊቴ ካለው ትሪ የዶሮውን ትልቅ ብልት በእንጀራ ጠቅልዬ፣ «አጎቴ በሞቴ!» ብዬ አፋቸው ውስጥ ከተትሁት።