ሳይቀመስ የተሠራ ሾርባ

አይናዲስ ቴክሳስ ውስጥ ዩለስ በምትባል ከተማ ጎረቤቴ ነበረች። በሎተሪ መጥታ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለች ትንሽ የጃፓኖች ምግብ ቤት ሳሕን ታጥብ ነበር፤ ጊዜው በፈረንጆቹ 2008 ነው። እኔም ከካርጎ ሺፍት ስወጣ እዚያው ባንኮኒው ጋ ተቀምጬ ድንች በሥጋቸውንና ሾርባቸውን እቀምስ ነበር።

የቤቲቱ ባለቤት ወይዘሮ ፉሚኮ እጃቸውን ቁርጥማት ሲይዛቸው ሾርባውን የሚረከባቸው ሰው ፈለጉ። አይናዲስ ምድጃውን ከልቧ ተመኘችው።

«ሙያ እያለኝ እስከ መቼ ሳሕን ልጠብ፣ ጋሼ?» ትለኝ ነበር።

ሾርባው ሲያዩት ቀላል ነው። የደረቀ ዓሣ ፍቅፋቂና የባሕር ቅጠል የተነከረበት ውሃ፣ በላዩ ሚሶ የሚሉት የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ፤ በቃ። አይናዲስ ግን ሚሶውን ጨምራ እንደ ሽሮ አንተከተከችው። ያልበሰለ ሽሮ ሆድ ይነፋል ተብላ ያደገች ልጅ ሌላ ምን ታድርግ? አሮጊቷ አንዴ ፉት አሉና ድስቱን ደፉት።

«ጠረኑን ገደልሽው! ሚሶ አይፈላም። ሰኞ ትደግሚዋለሽ፤ ካልሆነልሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

ሰኞ ደግሞ ዐቢይ ጾም ገባ።

«ዓሣ እኮ ጾም አይገድፍም ይላሉ» አልኋት፣ ላጽናናት ብዬ።

«እሱን ያለው የእርስዎ ሆድ ነው፣ ጋሼ!»

አልቀምስም ስትላቸው ወይዘሮ ፉሚኮ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ያልቀመሱትን ለሰው እንዴት ያቀርባሉ?»

«እማማ፣ በእኛ አገር የፋሲካ ዶሮ የሚሠራው ጾሙ ሳይፈታ ነው። የሠራችው ሴት አትቀምሰውም። ጨዉን በአፍንጫዋ ታውቀዋለች።»

አሮጊቷ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። አይናዲስ እሳቱን አጠፋች። ሚሶውን በጭልፋ ውስጥ ቀስ እያደረገች አሟሟችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ድስቱ ላይ አጎነበሰች፤ እንፋሎቱን ሳበች። ጥቂት ጨመረች። እንደገና ሳበች።

«ኦኬ፣ በቃው።»

ወይዘሮ ፉሚኮ ፉት አሉ። እኔም ባንኮኒው ጋ ማንኪያዬን እንደያዝሁ ቀረሁ። ሳሕኑን አስቀመጡና፣ ዕድሜ ልካቸውን ሾርባ የሠሩት ሴት፣ ድስቱ ላይ እንደ እርሷ አጎንብሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ።

«ጨው ይሸታል እንዴ?»

«ለለመደው ይሸታል፣ እማማ።»

«እንግዲያው ምድጃውን ተረከቢ። ፋሲካ ሲደርስ ግን ትቀምሻለሽ!»

«ፋሲካማ ዶሮ ይዤልዎት እመጣለሁ። እርስዎም መጀመሪያ ያሸቱታል።»

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። አይናዲስ ለእኔም ከዚያው ድስት ቀዳችልኝ። ያን ቀን ከመጠጣቴ በፊት እኔም አጎነበስሁ። ባሕር ሸተተኝ፤ ባሕር ዳርቻ ቆሜ ለማላውቀው ለእኔ፣ እዚያ የቴክሳስ ሜዳ ላይ።