በሐይቁ ዳር የተሰጣ ማልያ

የሰፈራችንን የእግር ኳስ ቡድን ታሪክ ማንም አይጽፈውም። ዋንጫ አልበላ፣ ፎቶግራፍ አልተነሣ፣ ስሙም ከሰፈሩ አላለፈ። የነበረው ሀብት ማልያ ብቻ ነው። ማልያውን የምናጥበው ደግሞ እናቴና እኔ ስለነበርን፣ ከእኛ ቤት በላይ ታሪኩን የሚያውቅ የለም ብል ማንም አይቆጣኝ። ቢቆጣም ግድ የለኝም።

ሜዳው ከባሕር ዳር ጫፍ፣ ውኃ ዳር ከሚበቅለው የጣና ደንገል አጠገብ ነበር። ክረምት ሲገባ ግማሹን ውኃ ይበላዋል። ኳሷ ሐይቅ ከገባች የመታት ራሱ ዋኝቶ ያመጣታል፤ ስለዚህ አጥቂዎቻችን ጎል ከማግባት ይልቅ ዋና ተማሩ እየተባለ ይሾፍባቸው ነበር። ተጫዋቾቹ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥረው ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። በረኛው ብቻ የመርጌታ ልጅ ነበር፤ እሱም ታላቅ ወንድሜ ነው።

አባታችን ሐይቁ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምሩ ነበር። ልጃቸው ጭቃ ላይ ሲንከባለል ማየት ያሳፍራቸዋል። "መቋሚያ የሚይዝ እጅ ለኳስ ሆነ!" እያሉ ያጉረመርማሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን "እንዴት ዋላችሁ?" ብለው ከማንም በፊት የሚጠይቁት እሳቸው ነበሩ።

ማልያው ከአቡጀዲ ተሰፍቶ ቀይ የተነከረ ነበር። ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል። አንድ ጊዜ የአባቴን ነጠላ አብረን ዘፍዝፈን፣ መርጌታው ማሕሌት የቆሙት ሮዝ ነጠላ ለብሰው ነው። የበረኛው ማልያ አረንጓዴ ነበር፤ እናቴ የራሷን ቀሚስ ቆርጣ የሰፋችው።

ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዓርብ ዓርብ ማልያውን አጥበን ሐይቁ ዳር ቁጥቋጦ ላይ እናሰጣዋለን። ማስታወቂያ የሚባል ነገር አልነበረንም። ማልያው ከተሰጣ ነገ ጨዋታ አለ፣ ካልተሰጣ የለም፤ በቃ። የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ የቀበሌ ታጣቂውም፣ እንጨት በታንኳ የሚያመጣውም ሰውዬ ይህን ያውቃል።

ከዚያ አፈሳ መጣ። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ከመንገድ፣ ከገበያ፣ ከሰርግ ቤት ሳይቀር ይለቀም ጀመር። አንድ ቅዳሜ ጨዋታው መሐል ላይ ሳለ የጭነት መኪና ሜዳው ዳር ቆመ። ልጆቹ በደንገሉ ውስጥ ተበተኑ። ወንድሜ እስከ አንገቱ ጭቃ ሆኖ ቤት ገባ። ሌሎቹ በጨለማ ማልያቸውን አመጡልን፤ እናቴ የሁሉንም ሳታጥብ ጆንያ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ አባቴ ወደ አንድ ደሴት ገዳም ወሰዱት። መነኮሳቱ ያውቋቸዋል፤ ልጁ ከተማሪዎቹ ተቀላቅሎ ይከርማል። ገዳሙ ግን ሴት አይገባበትም። እናቴ እስከ ታንኳው ሸኘችው።

"መርጌታ፣ እኔስ መቼ ነው የማየው?" አለቻቸው።

"እግዜር ሲፈቅድ።"

"እርስዎማ እየሄዱ ያዩታል!"

አባቴ ታንኳው ላይ ወጡ። ልጇ ሐይቅ መሐል በሕይወት አለ፤ እሷ ግን እዚያ እግሯን ማሳረፍ አትችልም። ከዚያ ወዲያ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ቆማ ትቀራለች፣ እኔ እየሄድሁ አመጣታለሁ።

ያን ሰሞን ሐሙሲት ከተማ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ፣ ከሩቅ ሐይቁ ዳር ቀይ ነገር አየሁ። መጀመሪያ አበባ መሰለኝ። ቀጥሎ አረንጓዴዋን ሳይ ማልያው መሆኑን አወቅሁ። ዘንቢሌን ጥዬ ሮጥሁ።

እናቴ ቁጥቋጦው ሥር ተቀምጣ ነበር።

"እማዬ! ምን አደረግሽ?"

"ምን አደረግሁ? ከእነላቡ ጆንያ ውስጥ ሻጋታ በላው። ትናንት አወጣሁት። የሱ ጠረን አለበት እኮ... ሳጥበው ደግሞ ጠፋ።" አለቀሰች።

"ማልያው ተሰጣ እኮ፣ እማዬ! ተሰጣ!"

አየችኝ። ያን ጊዜ ገባት። እየተደነቃቀፍን ማልያውን ከቁጥቋጦው ላይ እንነጥቀው ጀመር። ቀና ስል ከሜዳው ማዶ፣ ዋርካው ሥር፣ የቀበሌ ታጣቂዎች ተቀምጠዋል። እንግዶች ቢሆኑ ኖሮ ቀይ ጨርቅ ምናቸው ነው? የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። ወንድሜ ኳስ ሲያድን እጃቸው እስኪቀላ ያጨበጨቡ ናቸው። እነሱም ማልያውን አንብበው መጥተዋል። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኋቸውም፣ አልልምም።

ታንኳው ከደንገሉ ብቅ አለ። ወንድሜ ጫማውን በክሩ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሥቃል። እንጨት የሚያመጣው ሰውዬ ማልያ ተሰጥቶ አየሁ ብሎ፣ በደግ ልቡ፣ ነግሮት ኖሯል። ቀኑ የተሻሻለ፣ አፈሳው ያለፈ መስሎታል።

"ተመለስ!" ብዬ ጮኽሁ። ነፋሱ ወደ እኛ ነበር የሚነፍሰው፤ አልሰማም። ዘሎ ወረደና ወደ እናቴ መጣ።

"ከማን ጋር ነው ጨዋታው?" አላት።

እናቴ አረንጓዴውን ማልያ እንዳቀፈች ወደ ታንኳው ትገፋው ጀመር። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደረሰ። ታጣቂዎቹ ከሜዳው እየነዱ ወስደው ጭነት መኪና ላይ ጫኑት። መኪናው ሲነሣ እናቴ በባዶ እግሯ ተከተለች፣ አስፋልቱ ላይ ወደቀች፣ ደግማ ተነሣች።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤም፣ መርዶም አልመጣም። ደርግ ሊወድቅ ሲል የተበተነው ወታደር ቡትቶ ለብሶ በከተማው ሲያልፍ፣ እናቴ መንገድ ዳር ቆማ የያንዳንዱን ፊት አየች። እሱ አልነበረም።

ሰላም ሲሆን አዳዲስ ልጆች ቡድኑን እናቋቁም ብለው ቤታችን መጡ። እናቴ ቀዩን ሁሉ አውጥታ ሰጠቻቸው።

"የበረኛውስ፣ እማማ?" አላት አንዱ።

"እሱ ባለቤት አለው።"

ልጆቹ አመስግነው ሊወጡ ሲሉ ጠራቻቸው። ደጅ አታስጡት፣ ቤት ውስጥ አድርቁት ልትላቸው ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"ዓርብ ዓርብ እጠቡት፤ ስታሰጡት ደግሞ ከሐይቁ ዳር፣ ከሩቅ እንዲታይ አድርጉ" አለቻቸው።

ተናደድሁ። እሱ ማልያ ማየት ቢችል ኖሮ እስካሁን ይቀር ነበር ወይ ልላት ነበር። ከአፌ መለስሁት። ዓርብ ሲደርስ አረንጓዴውን ይዛ ወረደች፤ እኔም ተከተልኋት፣ ከቀዮቹ ጎን ዘርግተን እስኪደርቅ አጠገቡ ተቀመጥን።